ከቦንጋ የመጣው ተከላካይ፦ ስለ ራግቢ ብሔራዊ ቡድን ደንብ ለጋሼ የተሰጠ ምላሽ

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እያቋረጥኩ። ከዚያ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ረጋ ብዬ። ሁለተኛው ንባብም አላስማማኝም። ክፍል ውስጥ «ያልተስማማ እጁን ያውጣ» ይሉን የነበሩት እርስዎ ነዎት። እጄን አውጥቻለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። ጋሼ ጅማ ውስጥ ዕድሜያቸውን በስፖርት መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለችው ዲኤስቲቪ ቤት፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ አልቆ ሰው ግልብጥ ብሎ ሲወጣ፣ ራግቢ ለማየት የምንቀረው አምስት ስድስት ሰዎች ነን። እሳቸው አንዱ ናቸው። እኔ ጨዋታውን የለመድኩት ናይሮቢ ሁለት ዓመት ስሠራ ነው፤ እሳቸው ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። ሰሞኑን የጻፉት አንድ ተጫዋች ለየትኛው አገር መሰለፍ ይችላል በሚለው ላይ ነው። መልሳቸው ቁርጥ ያለ ነው፦ ለተወለደበት አገር፣ አለቀ። በአያት መሰለፍ ቀልድ ነው ይላሉ። «እዚህ ኖሬያለሁ» ብሎ መሰለፍ አገርን በገንዘብ መግዛት ነው ይላሉ። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መዛወር ክህደት ነው ይላሉ። የስፔንን የፓስፖርት ቅሌት ያነሱና ደንቡ አይሠራም ይላሉ። መዝጊያቸው ላይ ደግሞ ሯጮቻችንን የወሰደብን እንዲህ ያለ ደንብ ነው ብለዋል። እንቅልፍ የነሳችኝ ይህችኛዋ ናት።

መጀመሪያ ደንቡ ራሱ የሚለውን ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ወርልድ ራግቢ መመሪያ ቁጥር 8 የሚባል ደንብ አለው። በሩ አራት ነው። እዚያ አገር የተወለደ ይገባል። እናቱ ወይም አባቱ፣ ወይም ከአራቱ አያቶቹ አንዱ እዚያ የተወለዱለትም ይገባል። ለዚያ አገር ፌዴሬሽን ብቻ ተመዝግቦ በተከታታይ 60 ወር የቆየም ይገባል። እየወጣ እየገባም ቢሆን በድምሩ 10 ዓመት የኖረም እንደዚያው። አንዱ በር ይበቃል። ፓስፖርት ከአራቱ ውስጥ የለም። ኦሎምፒክ ላይ ዜግነት ይጠየቃል፤ እሱ ግን የኦሎምፒክ ሕግ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ሌላው፣ አንድ ሰው ለዋናው ብሔራዊ ቡድን አንዴ ሜዳ ከገባ ለዚያ አገር ታሰረ ማለት ነው። አምስት ደቂቃም ይጫወት፣ መቶ ጨዋታ። የሚፈታበት ጠባብ መንገድ አለ፤ እሱም ኋላ ይመጣል።

እንግዲህ «አገር ማለት የተወለዱበት ነው» ወደሚለው ልሂድ።

ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜን ያውቁታል። ተከላካይ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ከእግሩ የማይለይ ልጅ። እናቴ እሱን ልትወልድ ስትደርስ እናቷ ቤት ሄደች። የእናቷ ቤት ቦንጋ ነው። እንደ ወጋችን ነው የሄደችው፤ አራስ በእናቷ እጅ ገንፎ ትበላ፣ ቅቤ ትቀባ፣ ደህና አድርጋ ትታረስ ተብሎ። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ታቅፋው ጅማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቦንጋን የሚያውቃት ለልቅሶና ለሠርግ ሲሄድ ነው። ያደገው እዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕርማታ ገበያ የእናታችንን ዘንቢል ተሸክሞ፣ ከትምህርት ሲመለስ አዌቱ ዳር ኳስ ሲያሳድድ።

አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ ለአንድ የወጣቶች ቡድን ተመረጠ። ማልያ ተለክቶ ተሰጠው፤ ቁጥር 4። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፎርም ሙሉ ተባሉ። ፎርሙ ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚል መስመር ነበር። ቦንጋ ብሎ ጻፈ፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ። ፎርሙን የሚሰበስቡት ሰው እስክሪብቷቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ የሌላ ክልል ልጅ ነህ» አሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ማልያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ለሁለት አጠፈው፣ እናታችን ሸሚዝ እንደምታጥፈው አድርጎ። አስቀምጦት ወጣ። በዓመቱ ክረምት ላይ ቦንጋ ሄዶ ሞከረ። እዚያ ደግሞ «አንተ የጅማ ልጅ ነህ፣ እዚህ አትኖርም» ተባለ።

ይህንን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እርስዎ የሚሉት ደንብ ሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ቆሜ ስላየሁት ነው። የትውልድ ቦታ ብዙ ጊዜ እናትየዋ ምጥ ሲይዛት የነበረችበት ቦታ ነው። እናቴ ጅማ ብትቀር ኖሮ ያ ልጅ የጅማ ልጅ ይሆን ነበር። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው።

ራግቢ ውስጥ ይህንኑ የሚያሳይ ታሪክ ሞልቷል። የቩኒፖላ ወንድማማቾችን እናንሳ። አባታቸው የቶንጋ ብሔራዊ ቡድን አምበል ነበሩ። ታላቁ ማኮ የተወለደው ኒው ዚላንድ ነው፤ ታናሹ ቢሊ አውስትራሊያ። አባታቸው እንጀራቸው ራግቢ ስለነበር በልጅነታቸው ወደ ዌልስ መጡ፤ ያደጉት እዚያና እንግሊዝ አገር ነው። ሁለቱም ለእንግሊዝ ተሰለፉ። በእርስዎ ደንብ ቢሆን ማኮ ለኒው ዚላንድ፣ ቢሊ ለአውስትራሊያ ይሰለፉና አንድ አልጋ ላይ ያደጉ ወንድማማቾች በሁለት ባዕድ ማልያ ይጋጠሙ ነበር። ወላጆቻቸው የተወለዱባት ቶንጋ አትጠየቅም። ያሳደገቻቸው እንግሊዝም አትጠየቅም። የሚጠየቀው የወሊድ ክፍሉ ነው።

አያት ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። እርስዎ ያነሱት የ2000ው ቅሌት እውነት ነው። ሼን ሀዋርዝና ብሬት ሲንኪንሰን ለዌልስ ሲጫወቱ ቆይተው፣ አያታችን ዌልስ ነው የተወለዱት የሚለው ነገር ሲመረመር ሳይረጋገጥ ቀረ። ሀዋርዝ እንዲያውም ቀደም ብሎ ለኒው ዚላንድ ተሰልፎ ነበር። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂልተንም የቆመበት አያት ስኮትላንድ ሳይሆን እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል የተወለዱ ሆነው ተገኙ። አሳፋሪ ነበር። ስንፍናው ግን ሳያጣሩ ባሰለፉት ሰዎች ላይ ነው። ሂልተን ምን እንደሆነ ደግሞ እርስዎ አልጻፉም። በአያቱ በር ቢዘጋበትም ስኮትላንድ ውስጥ በኖረባቸው ዓመታት ብቁ ሆኖ ተመለሰ። ያላዩት አያት አላስገባውም፤ የኖረበት አገር አስገባው።

የእኔ አያት ከወሎ ለቡና ለቀማ ጅማ መጥቶ የቀረ ሰው ነው። እኔ ወሎን ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስደርስ አንዲት አሮጊት ግንባሬን አይታ «የእገሌ ዘር» አለችኝ። እዚያ ተወልጄ አላውቅም፣ ኖሬም አላውቅም። ያቺ ሴትዮ ተሳስታለች የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህንን በር ጭልጥ አድርጎ መዝጋት ይከብደኛል። ወረቀቱ በደንብ ይጣራ እንጂ በሩ ይኑር።

አሁን «ኖሬያለሁ ማለት አገር መግዛት ነው» የሚለው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቅሬታዎ መሬት አለው።

የቀድሞው ደንብ 36 ወር ነበር። ሦስት ዓመት። ይህ አጭር ነበር። ሀብታም ክለቦችና ፌዴሬሽኖች ከደቡብ አፍሪካና ከኒው ዚላንድ በአገራቸው ቡድን ቦታ ያጡ ጎበዞችን ያስፈርሙና ካላንደር ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይቆጥሩ ነበር። እንዲህ ያሉትን «ፕሮጀክት ተጫዋች» ይሏቸዋል። ቃሉ ራሱ ያስጠላል፤ ሰው ፕሮጀክት አይደለም። የቀድሞው የአርጀንቲና አምበል አጉስቲን ፒቾት የወርልድ ራግቢ ምክትል ሊቀ መንበር ሲሆን ይህንን አጥብቆ ተከራከረ። 2017 ላይ 60 ወር እንዲሆን ተወሰነ፤ በኮቪድ ምክንያት ቀኑ ተገፍቶ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እርስዎ ጽሑፍዎ ውስጥ ሦስት ዓመት ብለው የጻፉት የድሮውን ነው። አምስት ዓመት ሌላ ነገር ነው። የራግቢ ተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ትከሻው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያልቃል። አምስት ዓመት ከዚያ ላይ ሲነሳ ምን እንደሚቀር ያስቡት። ለማታለል ብቻ ይህንን ያህል የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው።

ደግሞ በዚህ በር የገቡትን ሰዎች ፊት ለፊት እንያቸው። ማይክል ሊች ኒው ዚላንድ ተወለደ፤ እናቱ ፊጂያዊት ናቸው። አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ለትምህርት ጃፓን ሳፖሮ ሄደ። ቋንቋውን ተማረ፣ እዚያው ትዳር መሠረተ፣ 2013 ላይ ዜግነት ወሰደ፣ የቤተሰብ ስሙን እንደ ጃፓኖቹ አስቀድሞ ሊች ማይክል ተባለ። 2015 ላይ ብራይተን ከተማ ጃፓን ከደቡብ አፍሪካ ስትጫወት አምበሏ እሱ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በሦስት ነጥብ እየተመሩ ቅጣት ምት አገኙ። ቢመቱት አቻ ነው፤ ለጃፓን አቻ ራሱ ታሪክ ነበር። ሊች አንመታም፣ ለማሸነፍ እንጫወታለን አለ። 34 ለ 32 አሸነፉ። በጃፓን ራግቢ ታሪክ ትልቁን ውሳኔ የወሰነው ክራይስትቸርች የተወለደ ሰው ነው። ለጃፓኖቹ ይህ ሰው የተገዛ ነው ብሎ ማን ይነግራቸዋል?

አንድ ሰው ደግሞ አለ፣ እርስዎ በደንብ የሚያውቁት። ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ የ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ዮኮሃማ፣ ደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዝ። ዲኤስቲቪ ቤቷ ውስጥ ሰባት ሰው ነበርን። ስምንት በስምንት ሆነው ተቆላልፈው በሚገፋፉበት ስክራም ላይ፣ በግራ በኩል ያለው የደቡብ አፍሪካ ግዙፍ ሰው እንግሊዞቹን ደጋግሞ ወደ ኋላ ሲነዳቸው እርስዎ ከበርጩማዎ ተነሱ። ያዘዙት ቡና ስኒው ውስጥ እንዳለ ቀዝቅዞ ቀረ። «ይሄ አፍሪካ ነው!» ብለው ጮኹ። እኔም አብሬዎት ጮህኩ። 32 ለ 12 አለቀ። ያ ሰው ቴንዳይ ምታዋሪራ ይባላል፤ ሕዝቡ «ቢስት»፣ አውሬው፣ ይለዋል። የተወለደው ሃራሬ፣ ዚምባብዌ ነው። በወጣትነቱ ደርባን መጥቶ እዚያ ኖሮ እዚያ ተሠርቶ ነው ለደቡብ አፍሪካ የበቃው። 2010 ላይ ዜጋ ሳይሆን እንዴት ይሰለፋል የሚል ጥያቄ ከፖለቲከኞች ተነሳበት፤ በዚያው ዓመት ዜግነቱን አገኘ። 117 ጊዜ ያንን ማልያ ለብሷል። በጻፉት ደንብ ቢሄድ ኖሮ ያን ቀን ዮኮሃማ አይገኝም ነበር።

ጋሼ፣ ከበርጩማዎ የተነሱት ሰውየው የት እንደተወለደ ሳያውቁ አልነበረም። ያውቁ ነበር። እርስዎ ነዎት ለእኔ የነገሩኝ።

ዝውውሩን «ክህደት» ያሉት ግን ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ነው።

የቶንጋ ሕዝብ በጠቅላላ ወደ 100 ሺህ ነው። ጅማ ከተማ ብቻዋን በእኛ 1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ120 ሺህ በላይ ነበረች። ሳሞአ ወደ 200 ሺህ። እነዚህ ደሴቶች ከሕዝባቸው ቁጥር ጋር የማይመጣጠን ብዛት ያለው የራግቢ ተጫዋች ያፈራሉ፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። ወላጆች ሥራ ፍለጋ ኦክላንድና ሲድኒ ይሄዳሉ፣ ልጆች እዚያ ያድጋሉ። 1991 ላይ ምዕራብ ሳሞአ ካርዲፍ ላይ ዌልስን በዓለም ዋንጫ 16 ለ 13 አሸንፋ ዓለምን አስደነገጠች። በዚያ የዓለም ዋንጫ ለሳሞአ የተጫወተው ፍራንክ በንስ በዓመቱ የኒው ዚላንድን ጥቁር ማልያ ለበሰ። ያኔ መዛወር ይቻል ነበር። ከ2000 ጀምሮ ግን አንድ ሰው ለአንድ አገር ብቻ ተባለ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ኋላ ግን ማንን እንደጎዳ ታየ።

ሃያ ዓመት የሆነው የቶንጋ ልጅ ኒው ዚላንድ ብትጠራው ምን ይላል? እሺ ይላል። ደመወዙ እዚያ ነው፣ የቤተሰቡ እንጀራ እዚያ ነው፣ የዓለም ምርጥ ቡድን ነው። ሦስት ጨዋታ ይጫወትና ይረሳል። ከዚያ በኋላ እስኪጃጅ ለማንም አይሰለፍም። ኒው ዚላንድ አትፈልገውም፤ ቶንጋ ትፈልገዋለች፣ ደንቡ አይፈቅድም።

ቻርልስ ፒዩታውን ልንገርዎት። ኦክላንድ ከቶንጋ ቤተሰብ ተወለደ። እስከ 2015 ድረስ ለኒው ዚላንድ ተጫወተ፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ ክለቦች ሄደና የኒው ዚላንድ በር ተዘጋ። ታላቅ ወንድሙ ሲያሌ የቶንጋ አምበል ነበር። ቻርልስ በሙሉ ጉልበቱ ላይ እያለ ወንድሙን በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ደንቡ ተለውጦ ቻርልስ 2022 ላይ የቶንጋን ቀይ ማልያ ሲለብስ ሲያሌ ከብሔራዊ ቡድን ወጥቶ ነበር። አንድ ላይ ለቶንጋ ሳይሰለፉ ቀሩ። ማላካይ ፌኪቶዋ ደግሞ ቶንጋ ውስጥ የተወለደ ነው፤ እርስዎ በሚሉት በትውልድ ደንብ እንኳ የቶንጋ ልጅ ነው። ለኒው ዚላንድ 24 ጊዜ ተጫውቶ 2022 ላይ ወደ ተወለደበት ተመለሰ። ይህንን ሰው ከሃዲ ብለው ሲጽፉ ትንሽ አላመነቱም ጋሼ? ተወልጄበት ወዳደግሁት ቤት ልመለስ ማለት መቼ ነው ክህደት የሆነው?

ሦስቱን መቆለፊያዎችም ዘልለዋቸዋል። 2021 ላይ የጸደቀው ደንብ ማንም ወደፈለገበት ይሂድ አይልም። ተጫዋቹ የሚሄድበት አገር እሱ ራሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ የተወለዱበት መሆን አለበት። ለመጨረሻ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ከተጫወተ 36 ወር ማለፍ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። በመኖር ብቻ ብቁ የሆነ ሰው በዚህ መንገድ አይዛወርም። ስለዚህ ሀብታም አገር የሌላውን ኮከብ በገንዘብ የሚጎትትበት ገመድ አይደለም። በአብዛኛው ወደ ትንሾቹ የሚመልስ ነው። በአብዛኛው ያልኩት ሐቁን ለመናገር ነው፤ ጃክ ዴምፕሲ ከአውስትራሊያ ወደ ስኮትላንድ የሄደው በአያቱ በኩል በዚሁ ደንብ ነው፣ ስኮትላንድ ደግሞ ደሃ አይደለችም። ይህ ጎኑ እኔንም አያስደስተኝም።

ውጤቱን ግን ሜዳ ላይ አይተነዋል። 2023 ላይ ሳሞአ እንግሊዝን ይዛ እስከ መጨረሻው ደቂቃዎች ስትመራ ቆየች። 18 ለ 17 ነው የተሸነፈችው፤ በአንድ ነጥብ። በዚያ የዓለም ዋንጫ ቡድን ውስጥ ቀድሞ ለኒው ዚላንድ የተጫወተው ሊማ ሶፖአጋና ቀድሞ ለአውስትራሊያ የተጫወተው ክርስቲያን ሌያሊኢፋኖ ነበሩ። ሌያሊኢፋኖ የደም ካንሰር ይዞት ድኖ የተመለሰ ሰው ነው። እርስዎም እኔም ያን ማታ ለሳሞአ ነበርን።

የስፔኑን ባጭሩ ልለፈው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አንድ ተጫዋች ከስፔን ውጭ የቆየባቸው ቀናት እንዲያጥሩ የፓስፖርቱ ቅጂ ተነካክቶ ተገኘ። 2022 ላይ ስፔን 10 ነጥብ ተቀንሶባት ሜዳ ላይ ያገኘችውን የ2023 የዓለም ዋንጫ ቦታ አጣች። ቦታው ለሮማንያ ሄደ። ሮማንያ ራሷ ከአራት ዓመት በፊት በሰባት ሰው በሚጫወቱት ራግቢ (ሰቨንስ) ቀድሞ ለቶንጋ የተጫወተ ሰው አሰልፋ ተቀጥታ፣ የ2019ኙ ቦታ ለሩሲያ ሆኖ ነበር። እርስዎ ይህንን ደንቡ አይሠራም ለማለት ጠቀሱት። እኔ የሚታየኝ የተገላቢጦሹ ነው። የሰረቀው ተይዟል፣ ተቀጥቷል፣ ዋንጫው ቀርቶበታል። እኛም እናውቀዋለን። 2013 ላይ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ አሸንፈው፣ በካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ 3 ነጥብ ሲነጠቅ ጅማ ውስጥ ያላዘነ አልነበረም። ያኔ የካርድ ደንብ ይሻር ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ደንቡን የሚያነብ ሰው ይኑር ነው ያልነው።

አሁን ወደዚያች መዝጊያ። «እነ ሲፋንን የወሰደብን እንዲህ ያለ ደንብ ነው።»

ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ፓሪስ 2024፣ የሴቶች ማራቶን። ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ ነበር። ሦስት ሰከንድ። ወርቁ ለኔዘርላንድስ፣ ብሩ ለእኛ። ከጎኔ የነበረ ልጅ «ሁለቱም የእኛ ናቸው» ብሎ አለቀሰ። እኔም ዕንባ ተናንቆኝ ነበር።

ነገር ግን ሲፋንን ማንም ገዝቶ አልወሰዳትም። አዳማ የተወለደችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ በስደት ነው ኔዘርላንድስ የገባችው፣ 2008። ዜግነት ያገኘችው ከአምስት ዓመት በኋላ 2013 ላይ ነው። እዚያ ኖራ፣ እዚያ ተምራ፣ እዚያ ሠልጥና። በራግቢ ደንብ ብትለካም ታልፋለች፤ ታልፋለች የምለው ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው። እርስዎን የሚያናድድዎት፣ እኔንም የሚያናድደኝ ሌላው ነው፦ ሀብታም አገር ወኪል ልኮ፣ ብር ቆጥሮ፣ ዛሬ ፓስፖርት ሰጥቶ በቅርቡ ያገሩን መዝሙር የሚያዘምርበት። አትሌቲክስ ውስጥ ይህ እየበዛ ሄዶ ነው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን 2017 ላይ ዝውውርን ጨርሶ ያገደው። በዓመቱ ሲከፍተው የሦስት ዓመት መጠበቂያ ጨመረ፤ ከሃያ ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይዛወሩም ከለከለ።

ያዙልኝ ያልኳት ነገር እዚህ ትመጣለች። የአትሌቲክሱ ንግድ የተሠራው በፓስፖርት ነው። ፓስፖርት ደግሞ መንግሥት በአንድ ቀን የሚያትመው ወረቀት ነው። የራግቢው ደንብ ስለ ፓስፖርት አይጠይቅም። እግርህ የት ኖረ ነው የሚለው። አምስት ዓመት ደግሞ በአንድ ቀን አይታተምም። ሯጮቻችን በራግቢ ደንብ ቢዳኙ ኖሮ ያ ወኪል ቦርሳውን ይዞ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። እርስዎ ጠላት ያሉት ደንብ ለእኛ ዘብ የሚቆም ነው።

ለእኛ የሚጠቅምበት ሌላም መንገድ አለ። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ከኢትዮጵያዊ ወላጆች ተወልዶ የዚያን አገር ፓስፖርት የያዘ ልጅ በእግር ኳስ ለዋልያዎቹ ልሰለፍ ቢል በሩ ዝግ ነው፤ ፊፋ ዜግነት ይጠይቃላ። ስንቱን እንዲህ እንዳጣን እርስዎ ከእኔ በላይ ይቆጥራሉ። በራግቢው ዓይነት ደንብ ግን «እናቴ አጋሮ ነው የተወለደችው» ብሎ የልደት ማስረጃዋን ያመጣ ልጅ ይገባል። ጽሑፍዎ ውስጥ «የኢትዮጵያ ስፖርት የዲያስፖራውን ልጅ አጣ» ብለው ያለቀሱበት አንቀጽ አለ። ከሁለት ገጽ በፊት ደግሞ ያንን ልጅ የሚያስገባውን በር ቀልድ ብለውታል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አድርገው እንዲያነቧቸው እለምንዎታለሁ።

ዚምባብዌ ሐምሌ 2025 ካምፓላ ላይ ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፋ ለ2027ቱ የዓለም ዋንጫ አልፋለች። ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ምታዋሪራን ለደቡብ አፍሪካ፣ ዴቪድ ፖኮክን ለአውስትራሊያ የሰጠች አገር ናት። ውድድሩ አውስትራሊያ ስለሆነ ጨዋታዎቹ በእኛ አገር በአብዛኛው ጠዋት ላይ ናቸው፤ የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት በጊዜ ክፈት ብዬ ከወዲሁ ለምኜዋለሁ። የእርስዎን በርጩማ ከፊት አስቀምጣለሁ። ወንድሜም ይመጣል፤ አብሮን ይቀመጣል።